«ጨጓራ ነው» ተብሎ የሚታደር ሌሊት

ሌላው ሕመም ሁሉ ሐኪም እስኪያየው ስም አይወጣለትም፤ የሆድ ሕመም ግን በእኛ ዘንድ ስሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ጨጓራ ነው። ሕመሙ በቅጽበት ቢነሣም፣ ሰውየውን አጉብጦ ላብ በላብ ቢያደርገውም ፍርዱ አይለወጥም። ጎረቤት ይፈርዳል፤ ፋርማሲ ይፈርዳል፤ አንዳንዴም የድንገተኛ ክፍል ተረኛው ራሱ ካርዱ ላይ ይህንኑ ጽፎ፣ አንድ መርፌ አስወግቶ፣ ኦሜፕራዞል አዝዞ ይሸኛል። ጨጓራ ካልሆነ ታይፎይድ ነው፤ ታይፎይድ ካልሆነ ብርድ ነው፤ ብርድም ካልሆነ የበላው ነገር ነው። የሁሉም መደምደሚያ ግን አንድ ነው፦ ይደርና ይታያል። እኔ የምሟገተው ከዚህ መደምደሚያ ጋር ነው። ድንገት የተነሣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ እስኪጣራ ድረስ፣ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ሆኖ መታየት አለበት። «ጨጓራ» የሚለው ስምም ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ የሚደረስበት ስም ነው፤ መነሻ ሊሆን አይገባውም።

የተቃራኒውን ወገን ክርክር አሳንሼ ማቅረብ አልፈልግም፤ የሞኝ ክርክር አይደለምና። የጨጓራ ሕመም እውነተኛና የተስፋፋ ሕመም ነው። የጨጓራ ቁስለት ዋና መንስኤ የሆነው ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሆድ ውስጥ እንደሚኖር ሲነገር ቆይቷል፤ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ባልተዳረሰበት አገር ቁጥሩ ከዚያ ይበልጥ እንደሆን እንጂ አያንስም። በርበሬው፣ በባዶ ሆድ የሚጠጣው ቡና፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚዘልቀው ጾም ተደምሮ ሰው ሆዱን ባመመው ቁጥር ጨጓራውን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በሆድ ሕመም ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚገቡት ሲሶ የሚያህሉትም ቁርጥ ያለ ምክንያት ሳይገኝላቸው ተሽሏቸው ይወጣሉ። ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ ወጪ ነው፤ ለከተሜው የታክሲና የምርመራ፣ ለገበሬው ተሸካሚ፣ ቃሬዛ፣ የባከነ የሥራ ቀን። እንግዲህ ብዙው በራሱ የሚያልፍ ከሆነ ለጥቂቱ ሲባል ብዙውን ማንገላታት፣ ሆስፒታሉንም ማጨናነቅ ለምን? ክርክሩ ይህ ነው፤ ሲሰሙት ያስኬዳል።

ስሕተቱ ያለው ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም ጠቅልሎ መቁጠሩ ላይ ነው። ከምግብ ጋር እየተያያዘ የሚያቃጥል፣ ለወራት ሲሄድና ሲመለስ የኖረ፣ ታማሚው ራሱ ጠባዩን የሚያውቀው ሕመም አንድ ነገር ነው። ደኅና ውሎ ያመሸን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ጥሎ የሚያነጥፍ ሕመም ግን ሌላ ነው። «ብዙው ያልፋል» የሚለው ስሌት የተሠራው በመጀመሪያው ላይ ሆኖ ሳለ ሥራ ላይ የሚውለው በሁለተኛው ላይ ነው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዛካሪ ኮፕ እ.ኤ.አ. በ1921 ስለ ድንገተኛ የሆድ ሕመም ባሳተመውና ከእርሱም በኋላ እየታደሰ ሲታተም በኖረው መጽሐፉ አንድ መመሪያ አስቀምጧል፦ ቀድሞ ደኅና በነበረ ሰው ላይ የተነሣ ብርቱ የሆድ ሕመም ስድስት ሰዓት ካለፈው አብዛኛውን ጊዜ የቀዶ ሐኪም ጉዳይ ነው። ይህ የተጻፈው አልትራሳውንድም ሲቲ ስካንም ባልነበረበት ዘመን ነው። መሣሪያው ሁሉ ከመጣ በኋላም ለተማሪ ሐኪሞች መነገሩን ያልተወው ለምን ይመስላችኋል? ስድስት ሰዓት ማለት ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ጊዜ ነው። እኛ «ይደር» ብለን የምናሳልፈው ልክ ያንኑ ጊዜ ነው።

«ሕመሙ ግን እኮ ጨጓራው ላይ ነው» ይባላል። ሰውየው እጁን ከደረቱ አጥንት በታች፣ ከእምብርቱ በላይ አሳርፎ ያሳያል። ከሁሉም የሚያሳምነው ማስረጃ ይህ ይመስላል፤ ከሁሉም የሚያሳስተውም እሱ ነው። የሆድ ዕቃ ስሜት እንደ ቆዳ ስሜት አይደለም። ጣት በመርፌ ሲወጋ ቦታው ወዲያው ይታወቃል። አንጀት ሲወጠር፣ ሲጨመቅ ወይም ደም ሲያጣ ግን ስሜቱን የሚያደርሱት ነርቮች ከግራም ከቀኝም ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገቡ ስለሆኑ አንጎል ሕመሙን መሃል ላይ ነው የሚያነበው። ጨጓራም ታመመ፣ ሐሞት ከረጢትም ታመመ፣ ቆሽትም ታመመ፣ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠቁሙት ወደዚያችው ከእምብርት በላይ ወዳለች ስፍራ ነው። ትንሹ አንጀትና ትርፍ አንጀት ወደ እምብርት ዙሪያ ይጠቁማሉ፤ የትልቁ አንጀት ማብቂያ ከዚያ ዝቅ ይላል። ሕመሙ እውነተኛ ቦታውን የሚይዘው ቁጣው የሆድን ግድግዳ ከውስጥ ወደሚያለብሰው ስስ ሽፋን ሲደርስ ነው፤ ያ ሽፋን እንደ ቆዳ ቦታ ለይቶ ያውቃልና። ለዚህ ነው ትርፍ አንጀት ሲጀምር በእምብርት ዙሪያ ድፍን ያለ ሕመም ሆኖ፣ የምግብ ፍላጎት ዘግቶ፣ አቅለሽልሾ፣ ከሰዓታት በኋላ ብቻ ወደ ቀኝ ታችኛው ጎን የሚወርደው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት «ጨጓራዬን አመመኝ» ያለ ሰው አልዋሸም፤ ሰውነቱ ራሱ እንደዚያ ብሎ ነግሮታል። ሆኖም ቀኝ ጎኑን እስኪያመው የጠበቀ ቤተሰብ፣ ሕመሙ ከአንጀቱ አልፎ የሆድ ዕቃውን ሽፋን እስኪደርስ ጠበቀ ማለት ነው። ከዚያም ባለፈ፣ ከሆድ ዕቃ ውጭ ያለ አካል በዚችው ቦታ ሊናገር ይችላል። የልብ ጡንቻ ታችኛው ክፍል ደም ሲቋረጥበት፣ በተለይ በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕመምተኞች ላይ፣ ደረት ሳይነካ ከደረት በታች እንደ ጨጓራ ቃጠሎ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያንን ሰው የጨጓራ ሽሮፕ አጠጥቶ ማስተኛት ምን እንደሚባል አንባቢ ይመልሰው።

በዚህ ጉዳይ ሕክምናው ራሱም በጊዜው ተሳስቷል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች በቀኝ የሆድ ጎን የሚነሣውን ገዳይ መግል ከትልቁ አንጀት መነሻ የመጣ ነው ብለው ሌላ ስም ሰጥተውት፣ በኦፒየም እያስታገሱ ያልፋል ብለው ይጠብቁ ነበር። የቦስተኑ ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ እ.ኤ.አ. በ1886 መነሻው ትርፍ አንጀት መሆኑን አሳይቶ ቶሎ እንዲቆረጥ እስከሞገተ ድረስ ልማዱ ይኸው ነበር። ክርክሩ ግን በአንድ ጽሑፍ አልተዘጋም። በለንደን ስመ ጥር የነበረው ቀዶ ሐኪም ፍሬድሪክ ትሪቭስ እንኳ ሕመሙ እስኪበርድ መጠበቅን ከሚደግፉት ወገን ነበር፤ የገዛ ልጁ እ.ኤ.አ. በ1900 በዚሁ ሕመም ሞታበታለች። ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1902፣ ዘውድ ሊጭን ሁለት ቀን ለቀረው ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ፣ የንግሥ በዓሉ እንዲተላለፍ ተደርጎ፣ መግሉን ያፈሰሰለት ይኸው ትሪቭስ ነው። ንጉሡ ዳነ፤ ነሐሴ ላይም ዘውዱን ጫነ። ከዓለም ነገሥታት እንግዶች ተጠርተው የተሰበሰቡበት በዓል ለሆድ ሕመም ሲባል ከተላለፈ፣ እኛ የትኛውን ቀጠሮ ነው ማስተላለፍ የሚያቅተን?

ሁለተኛው የ«ጨጓራ ነው» ምሽግ የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። «ተመርምሮ ባክቴሪያው ተገኝቶበታል» ይባላል። በርግጥ ይገኝበታል! ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ የሚሸከመውን ነገር ፈልጎ ማግኘት ምን ያረጋግጣል? ነጠላ የለበሰ ሰው ሰረቀ ተብሎ ገበያ ውስጥ ነጠላ የለበሰውን መጀመሪያ ያገኙትን ሰው እንደ ማሰር ነው። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያዋ ፐርዝ ከተማ አሳድገው ያሳዩት ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ማርሻል ነገሩን ለማስረዳት ባክቴሪያውን በብርጭቆ እስከ መጠጣት ደርሷል። ምን ሆነ? ከቀናት በኋላ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ የአፍ መጥፎ ጠረን መጣበት፤ ጨጓራውም መቆጣቱ በምርመራ ታየ። ሌሊት በቢላዋ የተወጋ ያህል አላስጮኸውም። እንግዲያው የባክቴሪያው መገኘት የቆየ ቃጠሎን ሊያስረዳ ይችላል፤ ከሦስት ሰዓት በፊት ድንገት ለተነሣ ብርቱ ሕመም ግን መልስ አይሆንም። ባክቴሪያው ራሱ የፈጠረው ቁስለት እንኳ ድንገት ካሳመመ፣ ጨጓራውን ወይም የትንሹን አንጀት መነሻ በስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ያኔ ጉዳዩ «ጨጓራ» መባሉ ቀርቶ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያስሮጥ ነው።

የታይፎይዱም ወረቀት ከዚህ አይሻልም። በየጤና ተቋሙ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 የመጣ ነው፤ የሚለካውም ሰውነት ለባክቴሪያው የሰጠውን ምላሽ እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። ከዓመታት በፊት የታመመ፣ የተከተበ፣ ወይም በሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ የተያዘ ሰው ሁሉ «አለበት» ሊባል ይችላል። ይህም ይቅር፤ ታይፎይድ በርግጥ አለ ብንል እንኳ ጠባዩ የሚታወቅ ነው፦ በትኩሳትና በራስ ምታት ቀስ እያለ ይገባል፤ አንጀት የሚበሳው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ነው። ስለዚህ «ታይፎይድ ነው» የተባለ ታማሚ ከሁለት ሳምንት ትኩሳት በኋላ ሆዱን ድንገት ቢያመው፣ የታይፎይዱ ስም ማረጋጊያ መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ላይ ደግሞ ያው ስም ጨርሶ አይገጥምም። በሁለቱም በኩል ወረቀቱ ተይዞ ቤት መተኛት ስሕተት ነው።

«መድኃኒት ወስዶ ተሻለው እኮ» የሚለው ሦስተኛው መከራከሪያ ነው፤ ሰው የሚጎዳውም ይበልጡን በዚህ ይመስለኛል። የተበሳ ጨጓራ አሲዱን ወደ ሆድ ዕቃ ሲያፈስ ሕመሙ ከመቅጽበት የከፋ ይሆናል፤ ታማሚው መንቀሳቀስ ይፈራል፤ ሆዱ እንደ ጣውላ ይደርቃል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ከሆድ ዕቃው ሽፋን የሚመነጨው ፈሳሽ አሲዱን ስለሚያቀጥነው ሕመሙ ይረግባል። ሰውየው ተነሥቶ ውኃ ይጠይቃል። ትርፍ አንጀትም ሲፈነዳ የወጠረው ግፊት ስለሚለቅ ሕመሙ ፋታ ይሰጣል፤ መግሉ በሆድ ዕቃ የሚሰራጨው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ያ ሽሮፕ ፍቱን ነው» የሚለው በዚህች ፋታ ውስጥ ነው። ትርፍ አንጀት ከጀመረው አንድ ቀን ወይም ቀን ተኩል ካለፈ የመፈንዳቱ ዕድል እየጨመረ ይሄዳልና ፋታዋ የምትበላው ጊዜ ትርፍ ጊዜ አይደለም። ከፋርማሲ የሚገዛው ዳይክሎፌናክም ሌላ ጉድ ነው። የእርሱ ወገን የሆኑት ማስታገሻዎች ከኤች ፓይሎሪ ቀጥለው የጨጓራ ቁስለት ትልቁ መንስኤ ናቸው። ለ«ጨጓራ» ተብሎ የሚወጋው መርፌ ጨጓራ የሚያቆስል መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

እዚህ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚፈጸመው ስሕተትም መናገር ይገባል፤ እኔን የሚደግፍ መስሎት የሚመጣ ሰው አለና። «ማስታገሻ በሽታውን ስለሚደብቅ ቀዶ ሐኪሙ እስኪመጣ ታማሚው ይጩህ» የሚል ልማድ በሆስፒታሎች ውስጥ ለረጅም ጊዜ ኖሯል። ከላይ ያመሰገንኩት የኮፕ መጽሐፍም በመጀመሪያ እትሞቹ ሞርፊንን አጥብቆ ይከለክል ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ታማሚዎችን በዕጣ ከፍለው የተደረጉ ጥናቶች፣ ሐኪም አይቶት ተመዝግቦ ማስታገሻ የተሰጠው ሰው ከዚያ የተነሣ በስሕተት ምርመራ የበለጠ እንደማይጎዳ አሳይተዋል፤ መጽሐፉም በኋለኞቹ እትሞቹ ታርሟል። ሕመሙ ሲበርድለት ሆዱን ዘና ስለሚያደርግ እንዲያውም መዳሰስ ይቀላል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሆስፒታል ውስጥ፣ ምርመራው እየቀጠለ፣ የሚሰጥ ማስታገሻ ሕክምና ነው። ቤት ውስጥ፣ ምርመራውን ለመተካት፣ የሚዋጥ ማስታገሻ ግን ጊዜን መስረቂያ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው የሆድን በሆድ ይዞ የሚሞትባቸውን ሕመሞች እንመልከት፤ «ጨጓራ» ከሁሉም በላይ የሚመቸው ለእፍረት ነውና። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ድንገት ከታች ሆዷን ሲያማት፣ ሲያዞራት፣ ስትወድቅ፣ የትከሻዋ ጫፍ እንኳ ሲያማት፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ከማህፀን ውጭ የያዘ እርግዝና ነው። ከመቶ እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ እንዲህ ቦታውን ይስታል፤ የማህፀን ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ ስለማይፈስ ማንም አያየውም። ትከሻዋን የሚያማት ደሙ ከሆዷ በላይ ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ሲነካ ነው። ይህን ለመጠርጠር የሚያስፈልገው የሽንት ምርመራ በማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚገኝ ርካሽ ነገር ነው። ሆኖም ልጅቱ ያላገባች ከሆነች፣ እናቷም አጠገቧ ከቆመች፣ የወር አበባዋን የሚጠይቃት የለም፤ ብትጠየቅም አትመልስም። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ጨጓራ» ይላሉ፤ ማንም አላፈረም፤ እሷም ትደማለች። ወንዱም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። የዘር ፍሬው የተጠማዘዘበት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚናገረው «ሆዴን» ብሎ ነው፤ ፍሬውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ በግምት ስድስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሳለ ሱሪውን አውልቆ የሚያየው ሰው አያገኝም። ለዓመታት ቡአውን ደብቆ የኖረ አባትም አንድ ቀን አንጀቱ እዚያ ተቀርቅሮ ሲያስመልሰው የሚታከመው ለጨጓራ ነው፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ገልጦ ብሽሽቱን ያየለት ባለመኖሩ።

የአንጀት መጠማዘዝም በአገራችን ተደጋግሞ የሚታይ ነው። ትልቁ አንጀት በማብቂያው አካባቢ ረዝሞ በራሱ ላይ የሚዞርበት ይህ ሕመም በምዕራብ አውሮፓ ብርቅ ሲሆን በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ አሜሪካ ግን የአንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያ መስመር ውስጥ ናት። ምልክቱን ማንም ሰው ሊያውቀው ይችላል፦ ሆዱ ይነፋል፣ ሕመሙ እየመጣ ያጣድፋል፣ ሰገራም አየርም መውጣት ያቆማል። ቶሎ ከደረሰ ብዙ ጊዜ ሳይቀደድ በቱቦ ሊፈታ ይችላል። ከዘገየ ደም ያጣው አንጀት ይበሰብሳል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት፣ ፌጦ በሎሚ ማስዋጥ፣ ሆዱን በቅባት ማሸት ምን ይባላል? ደግነት እንደሆነ አውቃለሁ። የተዘጋን ነገር ከላይ መሙላት፣ የሚበሰብሰውንም ማሸት ግን የከፋ ጉዳት ያመጣል፤ የሞላ ሆድም ለማደንዘዣ አደጋ ነው።

«ትኩሳት የለውም፤ ሆዱም ለስላሳ ነው» የሚለው መጽናኛ ደግሞ ከቤት ይልቅ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የሚሰማው። ለሌላ ነገር ተኝቶ ሳለ ሆዱን ድንገት ያመመው ሰው ከሁሉም ይበልጥ ችላ ይባላል፤ ሐኪም አጠገቡ አለ ተብሎ ይታመናልና። እውነቱ ግን ምልክቶቹን የሚደብቁት ነገሮች በብዛት የሚገኙት እዚያው ዋርድ ውስጥ ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን ያለ ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንጀቱ ተበስቶ እንኳ ሆዱ ላይደርቅ ይችላል። አረጋዊ ሰው ሆዱ ውስጥ መግል ይዞ ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት ማህፀኗ ትርፍ አንጀቷን ስለሚገፋው ሕመሟ ከተለመደው ቦታ ከፍ ሊል ይችላል። የልብ ምቱ የተዛባ ታማሚ ላይ ደግሞ ከልብ የተነሣ የደም ጓል የአንጀትን ደም ስር ሲዘጋ፣ ታማሚው እየጮኸ ሆዱ ሲዳሰስ ምንም የማይገኝበት፣ ሕመሙና ምርመራው የማይመጣጠኑበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ ካመለጠ ብዙዎቹ ይሞታሉ። በሌላው ዓለም ይህ የሽማግሌ በሽታ ተብሎ ይታወቃል። በልጅነት ቶንሲል ልቡ የተጎዳ ወጣት በበዛበት አገር ግን ዕድሜን አይቶ መዘናጋት አይገባም። ስኳሩ ሳይታወቅ ደሙ አሲድ የሆነበት ልጅም አስቀድሞ የሚያሳየው የሆድ ሕመምና ትውኪያ ሊሆን ይችላል፤ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለስላሳ ሆድ ስለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የማን ሆድ እንደሆነ ከታወቀ ብቻ ነው።

የገንዘቡና የርቀቱ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ልሸሸውም አልፈልግም። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኳቸውን ነገሮች መለስ ብላችሁ ቁጠሩ። ሰዓቱን መጠየቅ፣ ሕመሙ ከትውከቱ ቀደመ ወይስ ትውከቱ ከሕመሙ ብሎ መለየት (ሕመሙ የቀደመው ይበልጥ ያሠጋል)፣ የልብ ምቱን መቁጠር፣ ሆዱን መዳሰስ፣ ብሽሽቱን ገልጦ ማየት፣ ሽንት፣ የጣት ደም፣ ቆሞ የሚነሣ የደረት ኤክስሬይ፣ የልብ ኢሲጂ። ከእነዚህ የትኛው ነው በብድር የሚሠራው? ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን በትልልቅ ከተሞች ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ አገሪቱ ቀዶ ሐኪም ባልደረሰበት ሆስፒታል ሆድ ከፍተው ማከም የሚችሉ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን ቆይታለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ዓለም ቀዶ ሕክምና ያጠናው የላንሴት ኮሚሽን ማንኛውም ሕዝብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊደርስባቸው ይገባል ካላቸው ሦስት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ ሆድ መክፈት ነው። መንገዱ ሩቅ ከሆነ የርቀቱ መልስ ቀድሞ መነሣት ነው። ከሐኪም ቤት ስድስት ሰዓት የሚርቅ ሰው «ይደር» ለማለት መብቱ ከከተሜው ያነሰ ነው፤ የሚያባክነው ሌሊት የለውምና። ወጪውንም ካነሣን፣ ያልፈነዳ ትርፍ አንጀት የአንድ ሁለት ቀን አልጋ ነው፤ የፈነዳው የሳምንታት አልጋ፣ ደጋግሞ መከፈት፣ ውድ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ሬሳ ማጓጓዣ ነው።

«እንግዲያስ ሁሉም ይቀደድ ነው የምትለው?» የሚለኝ ይኖራል። አላልኩም። የቀዶ ሐኪም ዓይን ያስፈልገዋል ማለት ቢላዋ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ካመማቸው መካከል ሲሶው ምክንያቱ ሳይገኝ ይሻላቸዋል ያልኩትንም አልሸሽም፤ ነገር ግን ያ ሲሶ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ከማን እንደሚለይ ጎረቤትም አያውቅም፤ ፋርማሲም አያውቅም፤ ታማሚውም አያውቅም። መጠበቅ ራሱ የተከበረ የሕክምና ዘዴ ነው፦ ያው ሐኪም በየጥቂት ሰዓቱ ተመልሶ ያንኑ ሆድ ይዳስሳል፣ ምቱን ይቆጥራል፣ ከቀድሞው ጋር ያነጻጽራል፤ ከተባባሰ ይገባበታል፣ ከቀለለ ይሸኘዋል። እኛ «ይደር» የምንለውም ከውጭ ሲያዩት መጠበቅ ይመስላል። የሚጎድለው ግን ዋናው ነገር ነው፤ የሚመለከት ሰው የለም። በር ተዘግቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ማስታገሻ ተውጦ የሚደረግ መጠበቅ ምን ይጠብቃል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ለቤተሰቡም ለተረኛውም አንድ ነው። ድንገት የተነሣን ብርቱ የሆድ ሕመም «ጨጓራ» ብሎ የሚጠራ ሰው፣ ስሙን ከመጻፉ በፊት ትርፍ አንጀት፣ የተበሳ ጨጓራ፣ የተጠማዘዘ አንጀት፣ የተቀረቀረ ቡአ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ ልብና ስኳር አለመሆኑን በምን እንዳወቀ ይጻፍ። ካርዱ ላይ ከ«ጨጓራ» በላይ የልብ ምት ቁጥር፣ የሽንት ውጤት፣ የብሽሽት ምርመራ፣ ታማሚው ተመልሶ የሚታይበት ሰዓት ይስፈር። እነዚህ መስመሮች ባዶ ከሆኑ የተጻፈው የበሽታ ስም አይደለም፤ ሳይታይ የተሸኘ ሰው መዝገብ ነው፤ ታማሚውም ካርዱን ይዞ ወደመጣበት ክፍል የመመለስና «እንደገና ይታየኝ» የማለት ሙሉ መብት አለው፤ ጠዋት ሳይሆን አሁኑኑ።